የዕጩነት መስፈርትና የእማማ አውራ ጣት

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ሻይ ቤት ውስጥ የማይቀር አንድ ወሬ አለ። “እኔን ቢጠይቁኝ” ይላል አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ “ዲግሪ የሌለው ሰው ለፓርላማ መወዳደር የለበትም።” ሌላው ይቀበለውና “የምን ዲግሪ? ማስተርስ እንጂ!” ይላል። ሦስተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ በዕድሜው በኩል ይመጣል። “በሃያ አንድ ዓመት ልጅ አገር ሊመራ? ፂሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለ!” እንዲህ እንዲህ እያለ ጠረጴዛው ላይ አዲስ የምርጫ አዋጅ ይረቀቃል። ሒሳብ ሲመጣ ረቂቁ ይበተናል።

ይህን ወሬ ለብዙ ዓመታት ሰምቻለሁ። መስማት ብቻም አይደለም፣ ለረጅም ጊዜ ከአርቃቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። አስተማሪ ደግሞ ዓለምን የሚያየው በፈተና ነው፤ ያለፈና የወደቀ። ስለዚህ ለሕዝብ ተወካይም መግቢያ ፈተና ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለምን እንደቀየርኩ ለመናገር ግን ሁለት ነገር ማድረግ አለብኝ። አንደኛው፣ የዕጩነት መስፈርት የሚባለውን ነገር እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ያሳፍራል፤ ወደ መጨረሻው ላይ ላድርገው።

ንባቡን ከሥሩ እንጀምር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ነው ነገሩ እንዲህ የሆነው። “እስኪችል ድረስ” የምትለዋን ነገር ያዙልኝ። ኋላ እንመለስባታለን።

ሃያ አምስት ዓመት አለፈና በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት “እሺ፣ አሁን ይምረጥ” አለ። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት መወዳደር የሚፈልግ ሰው በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ወረዳው የሚኖርና እዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም በየግሉ ነው የሚወዳደረው። በዚህ ሕግ መሠረት የመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተካሄደ። ሴቶችም መምረጥና መመረጥ ይችሉ ነበርና ደራሲዋና የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ይህን መናቅ አይገባም። ግን ከመስፈርቶቹ መካከል አንዱን ለይታችሁ እዩልኝ፦ ንብረት። ለባለጋሻው የሚያርስ ጭሰኛ ይመርጣል፤ መመረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ደርግ መጣና ርስቱንም ባለርስቱንም ገለበጠ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። አሁን ማንም ዕጩውን “ስንት ጋሻ መሬት አለህ?” አይለውም። ጥያቄው “ማን አቀረበህ?” የሚል ሆነ። ዕጩን የሚያቀርቡት ኢሠፓና በእርሱ ጥላ ሥር ያሉ የብዙኃን ማኅበራት ናቸው። “እኔ ራሴን አቀረብኩ” የሚል ሰው ቦታ አልነበረውም።

ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጋር የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111 ዕድሜውን 21 አደረገው። ንብረት የለም፣ የትምህርት ማስረጃ የለም። በምትኩ የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅና የአካባቢው ሰው መሆን ተጠየቀ። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 532፣ ቀጥሎም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1162 ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ የዝርዝሩ አጥንት ግን ያው ነው። ኢትዮጵያዊነት፣ 21 ዓመት፣ የሥራ ቋንቋ፣ ነዋሪነት።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ሲያይ ሕግ ብቻ አይታየውም። ገጸ ባሕርይ ይታየዋል። እያንዳንዱ አዋጅ በሐሳቡ ይዞት የተነሣ አንድ ሰው አለ። የ1948ቱ አዋጅ ሰው ባለ ካባ ነው፤ ጥያቄውም “ምን አለህ?” ነው። የ1979ኙ ሰው ካኪ ለብሷል፤ “ማን ላከህ?” ይባላል። ከ1987 ወዲህ ያለውን ሰው ደግሞ “ከየት ነህ? በምን ቋንቋስ ትናገራለህ?” ይሉታል። “እስከ ዛሬ ምን ሠራህ?” ብሎ የጠየቀ አዋጅ የለም። መጠየቅም የለበትም፤ ያ ጥያቄ የሕጉ ሳይሆን የሌላ ሰው ነው። የማን እንደሆነ እንደርስበታለን።

በ1997 ዓ.ም.፣ የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን በሚተላለፍበትና አገሩ በሙሉ ከቴሌቪዥን ፊት በማይነሣበት ሰሞን፣ ክፍል ውስጥ አንድ ጨዋታ አመጣሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” እያነበብን ነበር። ተማሪዎቼን “የመጽሐፉን ሰዎች ከዘመናቸው አውጡና ለፓርላማ አወዳድሩልኝ” አልኳቸው። አንዴ በ1948ቱ መስፈርት፣ አንዴ በ1987ቱ። 

ክፍሉ ተንጫጫ። ፊታውራሪ መሸሻ በሁለቱም አለፉ። መሬት አላቸው፣ ነዋሪ ናቸው፣ ዕድሜም ተርፏቸዋል፣ ቋንቋም አያንሳቸው። በዛብህ በመጀመሪያው ወደቀ፤ ቅኔ እንጂ ርስት የለውማ! በሁለተኛው ነዋሪነቱን ካስመሰከረ ያልፋል ተባለ። ገበሬዎቹን አስተባብሮ በፊታውራሪው ላይ የተነሣው አበጀ በለው ብዙ ክርክር አስነሣ። ሰብለ ወንጌልን ሴቶቹ ተማሪዎች ሕጉ ይፈቅድላታል ብለው አቀረቧት፤ ሆኖም አባቷ ከቤት አያስወጧትም ተብሎ ተሳቀ። እኔም ለማጣፈጥ “ዲግሪ ቢጠየቅስ?” አልኩ። ሁሉም ወደቁ። በሙሉ! በዚያ ሁሉ አገር አንድም ተወካይ ጠፋ።

የቀረው ጉዱ ካሳ ነበር። ያ ባላገሩ ሁሉ ዕብድ ነው የሚለው፣ እኛ አንባቢዎቹ ግን ከሁሉ ይልቅ ጤነኛው እርሱ እንደሆነ የምናውቀው ሰው። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አነሣ። “መምህር፣ ጉዱ ካሳ ሕጉን ያሟላል። ግን የድጋፍ ፊርማ ማን ይፈርምለታል?” አለ። 

በጣም ጥሩ ጥያቄ መሆኑን ነግሬው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍኩ። አስተማሪ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣበት ማድነቅ ይወዳል።

እስቲ አሁን ወደ ዲግሪው እንመለስ፤ የሻይ ቤቱ ረቂቅ ዋና አንቀጽ እርሱ ነውና። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሌሎች ሞክረውታል። ፓኪስታን በጄኔራል ሙሻራፍ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው ደነገገች። ምን ሆነ? ፓርላማው በሊቃውንት አልተሞላም፤ ዲግሪው ነው የበዛው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 መስፈርቱን ሻረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ማስረጃዎቹ ሲመረመሩ በሐሰተኛ ዲግሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ የሕዝብ ተወካዮች ጉድ ወጣ። ሕጉ እውቀትን ሊያስገባ በሩን ጠበብ ሲያደርግ ቀድሞ የገባው አጭበርባሪ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም ለፓርላማ አባላት ዲግሪ የሚጠይቅ ሕግ አውጥታ ነበር። ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ውድቅ አደረገው።

እኛም ብንሞክረው ከዚህ የተሻለ የሚገጥመን አይመስለኝም። የገዛ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያስመረቀ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ እንዳለ የማያውቅ አለ? ቀናው ማስረጃ እንኳ ቢሆን ዲግሪ የሚመሰክረው አንድ ሰው አንድን ትምህርት ተምሮ ፈተና ማለፉን ነው። ብዙ ዲግሪ ላይ የፈረምኩ ሰው ስለሆንኩ እመኑኝ። ደፋርነትን አይመሰክርም፤ እጅ ንጽሕናን አይመሰክርም፤ ከገበሬ ጋር ቁጭ ብሎ መስማትን አይመሰክርም። 

ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህ አይደለም። “ዲግሪ ይጠየቅ” የሚለው ሰው በውስጠ ታዋቂ የሚለው ምንድን ነው? “ይህ ሕዝብ ማንን መምረጥ እንዳለበት አያውቅምና ሕጉ አስቀድሞ ይምረጥለት” ነው የሚለው። ይቺ ናት እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁ፦ “እስኪችል ድረስ”። በ1923 መኳንንቱ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መረጡለት። ዛሬ ደግሞ የተማርነው፣ ማኪያቶ የምናማስለው፣ በመኳንንቱ ወንበር ላይ ተቀምጠን ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደግማለን። ካባው ጋውን ሆነ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

አንዳንዱ አንባቢ “ታዲያ በሩ ዝቅ ካለ ችግሩ አለቀ ማለትህ ነው?” ሊለኝ ይችላል። አላለቀም። መስፈርት ሲያጥርም ቢሆን የሚያነበው ሰው አለ፤ አንባቢው ደግሞ ሁልጊዜ ጽሑፉን አይመስልም። ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ።

በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ አንዳንድ ዕጩዎች የአካባቢውን ነባር ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከውድድር ወጡ። እነርሱ ደግሞ እዚያው የሚኖሩ፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ አሳምረው የሚያውቁ ነበሩ። አቤቱታው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ በቂ ነው በሚል ወሰነላቸው። ትክክለኛ ንባብ ነው። የ1999ኙ አዋጅም በግልጽ “የሥራ ቋንቋ” አለ። ችግሩ ምንድን ነው? ውሳኔው የተሰጠው በ1995 ዓ.ም. ነው። ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ፈተናው ካለቀ በኋላ “አልፈሃል” እንደማለት ነው።

ሁለተኛው በ2013 ዓ.ም. የሆነው ነው። እስር ቤት ሆነው ክሳቸውን የሚከታተሉ የባልደራስ ፓርቲ አመራሮች ዕጩ ሆነው ለመቅረብ ጠየቁ። አይቻልም ተባሉ። ክርክሩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሄደ። ችሎቱም በግንቦት ወር እንዲመዘገቡ ወሰነ። የተከሰሰ ሰው አልተፈረደበትም፤ ያልተፈረደበት ሰው ደግሞ መብቱ ከእርሱ ጋር ነው። ምርጫ ቦርድ መጀመሪያ ዝግጅቱ ተጠናቋል ቢልም በኋላ መዘገባቸው። እንግዲህ ሰዎቹን መውደድና መጥላት ሌላ ጉዳይ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ከሚለው በላይ ጠብቆ እንዳይነበብ ችሎቱ አደረገ። ይህ ለማንኛችንም ይጠቅማል።

እነዚህ የተጻፉት መስፈርቶች ናቸው። ከጀርባቸው ያልተጻፈ አንድ ሌላ በር አለ። ያ በር ፓርቲ ይባላል። 547 ወንበር ካለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ1997ቱ ምርጫ በግሉ ተወዳድሮ የገባ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው፤ ከደምቢ ዶሎ። በ2002ቱም እንዲሁ አንድ፤ ከቦንጋ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። በ2007 ወንበሩ በሙሉ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዘ። ልብ በሉ፣ በግል ከገቡት ሁለቱ ሰዎች አንደኛው ርዕሰ ብሔር የነበሩ ናቸው። ሕጉ ማንም ኢትዮጵያዊ በሃያ አንድ ዓመቱ ይወዳደር ይላል፤ ልምዱ ግን ያለ ፓርቲ ለመግባት ፕሬዚዳንት መሆን ሳያስፈልግ አይቀርም የሚል ይመስላል።

በአዋጅ 532 ደግሞ ዕጣ የሚባል ነገር ነበር። በአንድ የምርጫ ወረዳ ከ12 በላይ ዕጩዎች ከቀረቡ ትርፎቹ በዕጣ ይወጣሉ። በ2007ቱ ምርጫ አዲስ አበባ ላይ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ሊቀመንበር እንዲህ በዕጣ ከዕጩነት ውጭ ሆነ። ዕቁብ መሰላችሁ? ዕቁብ እንኳ ቢሆን ዛሬ ያልደረሰህ ነገ ይደርስሃል። 

በግሉ የሚወዳደር ሰው በፓርቲ በር አያልፍም። ስለዚህ ሕጉ ሌላ በር አበጀለት፤ የድጋፍ ፊርማ። በአዋጅ 532 መሠረት አንድ ሺህ የምርጫ ወረዳው ሰው ሊፈርምለት ይገባ ነበር። የዚህ በር ቁልፍ እንግዲህ ሚኒስትር ጋ አይደለም፣ ቦርድ ጋም አይደለም። እናንተና እኔ ጋ ነው። 

ያሳፍራል ያልኳችሁን አሁን ልናገር።

በ2002 ዓ.ም.፣ ከምርጫው በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ያ ከኋላ ወንበር “ጉዱ ካሳን ማን ይፈርምለታል?” ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነው። አሁን የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኗል፤ የሚኖረውም እዚያው እኛ ሰፈር ነበር። የተጨማደደ የወረቀት አቃፊ ይዟል። “መምህር፣ በግሌ ልወዳደር ነው። ፊርማ እያሰባሰብኩ ነው” አለኝ። 

አስገባሁት። ሻይ አስፈላሁለት። ስለ ሐሳቡ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩትም፤ ምክንያቱም ጥያቄ ከጠየቅኩ መልስ ይሰጠኛል፣ መልስ ከሰጠኝ ደግሞ መወሰን ሊኖርብኝ ነው። በዚያን ወቅት የማዕረግ ዕድገት እጠብቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ የሚሞላበት ቦታ አየሁ። የቤት ቁጥሬ በዓይኔ ላይ ዞረ። ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? ነገ ምን ይባላል? ማንም አላስፈራራኝም፤ እውነቱን ለመናገር ማንም ዘወር ብሎም አላየኝም። ራሴን ያስፈራራሁት ራሴው ነኝ። “ተወው ልጄ፣ ፊርማው ይቅርብኝ። ድምፄን ግን ለአንተ እሰጣለሁ፤ በምሥጢር ነው የሚሰጠው” አልኩት። 

ፊቱ አልተለወጠም። “መምህር፣ ፊርማው ከሌለ ድምፅ የሚሰጡበት ወረቀት ላይ ስሜ አይኖርም” አለኝ። ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖኝ፣ ወጣ። ማመስገኑ ነው ያልወጣልኝ።

እኔ ግን አጥር በአጥር ነውና ከጎረቤቴ ደጅ ያለውን ሰማሁ። ጎረቤቴ እማማ ናቸው የምንላቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን ያስተማሩ ባልቴት። ልጁ ሰላምታ ሰጥቶ ጉዳዩን አስረዳ። እማማ ወዲያው እሺም እምቢም አላሉም። 

“የማን ልጅ ነህ?” አሉት። ነገራቸው። 

“ባለፈው እነ እገሌ ቤት ለቅሶ ላይ ድንኳን ስትተክል ያየሁህ አንተ ነህ?” 

“አዎ እማማ።” 

“ውኃው ከጠፋ ሰንብቷል። አቤት ብለህ ታውቃለህ?” 

“ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቴም ማመልከቻ ጻፍ አሉኝና ጻፍኩ። አልመጣም።” 

“ካልመጣማ ምን ይፈይዳል ታዲያ መመረጥህ?” 

ትንሽ ዝም አለ። “መምጣቱን ቃል አልገባልዎትም። ለምን እንዳልመጣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ቦታ እጠይቃለሁ” አላቸው። 

እማማም ጥቂት አሰቡ። “እንግዲህ እኔ መጻፍ አልችልም። በጣቴ ይሆናል?” አሉ። 

ሆነ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ አድርገው አተሙለት። 

ልጁ በመጨረሻ ሺህ አልሞላለትም። ሰባ ያህል ጎደለው። ከሰባዎቹ አንዷ የእኔ ናት፤ ሌሎቹም ሻይ ያፈሉለትና “ድምፄ የአንተ ነው” ያሉት ሰዎች እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። ያሸንፍ ነበር? አይመስለኝም። ጥሩ ተወካይ ይሆን ነበር? አላውቅም፤ አልጠየቅኩትማ! የዕድገቱ ነገርም ጊዜውን ጠብቆ መጣ፤ ፊርማዬ ቢኖርም ባይኖርም የሚመጣ ነበር።

የእማማን ፈተና ግን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሦስት ጥያቄ ነው የጠየቁት። ማን ነህ? ከእኛ ጋር ነበርክ? እስከ ዛሬ ምን ሠራህ? በመጨረሻ አንድ አጣብቂኝ ጨመሩበት፤ ሲመልስም ዋሽቶ እንደሆን አዳመጡ። ሦስቱ ዘመናት በአዋጅ ያልጠየቁትን እማማ በአጥር በር ላይ ጠየቁ። ፈተናው የማን ነው ላልኩት እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው። ሕጉ በሩን ዝቅ አድርጎ ክፍት ይተወው፤ በሩ ላይ ቆሞ መጠየቅ የመራጩ ሥራ ነው። እኛ ዲግሪ ይጠየቅልን የምንለው ይህን ሥራ ፈርተነው ወይም ሰልችተነው ነው።

ደግሞ እንችልበታለን እኮ! የሰፈራችሁን ዕድር ገንዘብ ያዥ እንዴት እንደምትመርጡ አስቡ። አንድ ሰው ሲጠቆም ስብሰባው ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። “እርሱ የመንገዱ መዋጮ ጊዜ ደረሰኝ ዘግይቶ ነው የሰጠን።” “እርሷ ግን ለቅሶ ቀርታ አታውቅም።” “እርሳቸው ደህና ናቸው፣ ቁጡ ናቸው እንጂ።” የገንዘብ ያዥ ዲግሪ ማን ጠይቆ ያውቃል? የሰውየው ሥራ ነው ዶሴው። ለድንኳንና ለወንበር መግዣ ገንዘብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የአገሪቱን በጀት የሚያጸድቀውን ሰው ስንመርጥ ምልክቱን እናያለን፤ ንብ ነው ወይስ ሁለት ጣት? 

ዕድርን ላንቆለጳጵሰው አልፈልግም። አንድ ሊቀመንበር ሃያ ዓመት የሚቀመጥበት፣ ሴቶቹ ወጥ ቤት ሆነው ወንዶቹ የሚመርጡበት ዕድር ሞልቷል። ሰውን በቅርበት ማወቅም ሁልጊዜ ፍርድ አይደለም፤ አንዳንዴ ዝምድና ነው። ጉዱ ካሳንም ዕብድ ያለው በደንብ የሚያውቀው የገዛ አገሩ ሰው ነው። የምርጫ ወረዳ ደግሞ ሰፈር አይደለም፤ ሁሉን ሰው በለቅሶ ድንኳን ልታውቀው አትችልም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ጥያቄ የመጠየቅ ልማዱን ከዚያው ካልጀመርነው ከየት እናመጣዋለን? ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። መራጩ አመኔታ ሲያጣበትም በሕግ መሠረት ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። የመረጥነውን እናነሣለን ማለት ነው! ነገር ግን ሲገባ ምንም ያልጠየቅነውን ሰው ሲወጣ በምን እንይዘዋለን? ቃል ሳናስገባ ቃል አፈረስክ ልንለው ነው?

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ባለፈው ጓደኞቼ ያንኑ ረቂቅ እንደገና አነሡት። ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ዕድሜ። አንዱ “አንተ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበርክ ሰው ዝም ትላለህ እንዴ? ያልተማረ ሰው ምን ብሎ ሕግ ያወጣል?” አለኝ። ይቺን የእማማን ታሪክ ነገርኩት። ሳቀና “እሱማ የዚያን ጊዜ ነው፣ ማን ደፍሮ ይፈርም ነበር?” አለ። 

እማማ አርፈዋል፤ ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ቀብራቸው ላይ ድንኳኑን ከተከሉት ሰዎች መካከል ያ ልጅ ነበረበት፤ ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል፣ ዛሬም ያስተምራል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ስለ ፊርማው አላነሣብኝም፤ እኔም አላነሣሁም። ጓደኛዬ ማን ደፍሮ ይፈርም ነበር ሲለኝ መልሱን የማውቀው ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ሁለት ዲግሪ ነበረኝ፤ እኔ አልፈረምኩም። እማማ ፈርመዋል።